ከስልካችን የወጣችው ቀዳዳ፣ ኪሳችን የገባችው ማጉያ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ከስልኬ ሥር የምትንጠለጠለውን ጣት የምታህል ነገር ያያችሁ ሁሉ ሦስት ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። ምንድን ናት? ስንት ነች? እውነት ለውጥ ታመጣለች? የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ናት፤ ስልኩ ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ላይ በዩኤስቢ ትሰካለች። ዋጋዋ ከ9 ዶላር ይጀምርና ብዙ መቶ ዶላር ይደርሳል። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ታሪኳን ሳልነግራችሁ ብመልስ ሻጭ እመስላለሁ። ታሪኳን ያወቀ ሰው 9 ዶላር በሚበቃበት ቦታ 200 ዶላር አይከፍልም። አገር ቤት ለእናቱ ስልክ ሲልክም የማይሠራ ሽቦ አብሮ አይልክም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሥራዋን እንወቅ። ስልካችን ውስጥ ያለው ዘፈን ቁጥር ነው። ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ያስቀምጥ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምንሰማው አብዛኛው ሙዚቃም የዚያው ዘር ነው። ጆሮ ደግሞ ቁጥር አይሰማም። ስለዚህ በመሀል ሁለት ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። አንዱ ተርጓሚ ነው፤ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል። ሁለተኛው ማጉያ ነው፤ ያ ሞገድ የጆሮ ማዳመጫውን እንዲያንቀሳቅስ ጉልበት ይሰጠዋል። ያቺ ትንሽ ነገር እነዚህን ሁለት ሠራተኞች ነው በሆዷ የያዘችው። እነሱ ደግሞ አዲስ አይደሉም፤ ድሮ ስልካችን ውስጥ ነበሩ፣ በክብቧ ቀዳዳ በኩልም ያገለግሉን ነበር።

ቀዳዳዋ ከስልክ ጋር ነው የተወለደችው። በ1878 አሜሪካ ውስጥ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ የመጀመሪያው የንግድ የስልክ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በተስፋፉት ማዞሪያዎች ደዋዩ ለኦፕሬተሯ ማንን እንደሚፈልግ ይነግራታል፤ እሷም ገመድ መዛ ቀዳዳው ውስጥ ትሰካና ሁለቱን ታገናኛለች። ቀኑን ሙሉ መሰካት፣ መንቀል ነው። ለዚህ ሥራ የማይሰበርና በቶሎ የሚገባ ሰኪ ያስፈልግ ነበር። የዚያ ሰኪ ውፍረት 6.35 ሚሊሜትር ሲሆን ዛሬም ጊታር ላይና ስቱዲዮ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በእኛም አገር ኢትዮ ቴሌኮም የልደት ዓመቱን የሚቆጥረው ከ1894፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የቀዳዳዋ ታሪክና የእኛ የስልክ ታሪክ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ የጆሮ ማዳመጫው መጣ። በ1910 ገደማ ናትናኤል ባልድዊን የሚባል የዩታ ሰው በቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ የሠራውን ማዳመጫ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሸጠ። ኪስ የሚገቡ ትራንዚስተር ሬዲዮኖች ሲመጡ ቀዳዳዋም አብራ አነሰች፤ 3.5 ሚሊሜትር ሆነች። በሐምሌ 1979 ሶኒ የመጀመሪያውን ዋክማን አወጣ። ያ ዋክማን ሁለት ሰው አብሮ እንዲያዳምጥ ሁለት ቀዳዳ ነበረው፤ ብቻውን የሚሰማ ሰው ብቸኛ እንዳይሆን ያሰቡ ይመስላል።

ለእኔ የዚህች ቀዳዳ ትልቁ ቁም ነገር የማንም አለመሆኗ ነው። መርካቶ የተገዛ ኤርፎን ጃፓን በተሠራ ቴፕ ላይ ይሠራል፤ የቴፑ ኤርፎን ኮምፒዩተር ላይ፣ የኮምፒዩተሩ ስልክ ላይ ይሠራል። ፈቃድ የሚጠይቅ ቺፕ የለም፣ "ይህ መሣሪያ አይደገፍም" የሚል ጽሑፍም አይመጣም። ሽቦው ካልተበጠሰ ይሰማል፣ አለቀ።

እንዴት ጠፋች ታዲያ? ኦፖ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2012 በጣም ስስ ስልክ ሠርቶ ቀዳዳዋን ትቷት ነበር፤ ያን ጊዜ ዓለም ልብ አላለውም። ነገሩ የዞረው በመስከረም 2016 ነው። አፕል አይፎን 7ን ያለ ቀዳዳ አወጣ፤ የኩባንያው ኃላፊ መድረክ ላይ ምክንያቱን በአንድ ቃል "ድፍረት" አሉት። በዚያው ቀን በዚያው መድረክ 159 ዶላር የሚሸጥ ገመድ አልባ ኤርፖድስ አስተዋወቁ። መጀመሪያ ላይ መለወጫዋን ሽቦ ከስልኩ ጋር በካርቶን ይሰጡ ነበር፤ በ2018 ያንንም አቁመው በ9 ዶላር ግዙ አሉ። ጉግል በ2016 ቀዳዳዋ በስልኩ ላይ መኖሯን ማስታወቂያ አድርጎ አፕልን ሲነካካ ነበር፤ በ2017 እሱም አወጣት። ሳምሰንግ በ2019 ኖት 10 ላይ ተከተለ። በተቃራኒው የሄደው ኤልጂ ነበር፤ በ2016 ባወጣው ቪ20 ስልክ ውስጥ አራት ተርጓሚ ያለው ጥሩ የድምፅ ቺፕ አስገባ። ግን በ2021 ከስልክ ንግድ ጭራሹን ወጣ።

ለፍትሕ ያህል የኩባንያዎቹንም ወገን እንስማ። ስልክ ውስጥ ቦታ ውድ ነው፤ ለባትሪና ለካሜራ ያስፈልጋል። ውሃ እንዳይገባ ነው የሚለው ምክንያት ግን ብዙ አያስኬድም፤ የ2016ቱ ጋላክሲ ኤስ7 ቀዳዳዋም ነበረችው፣ ውሃም ይችል ነበር።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። የዩኤስቢ ማጉያ መጀመሪያ የተሠራው ለኮምፒዩተር ነበር። በጣም የታወቀው ድራጎንፍላይ በ2012 በ249 ዶላር ወጣ። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ግን ለስልክ ይከብድ ነበር። ቀዳዳዋ በተነቀለችበት በዚያው በ2016 ዓመት ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበቃቸው ሁለት ታናናሾቹ መጡ፤ ጥቁሩ በ99፣ ቀዩ በ199 ዶላር። የቻይና ኩባንያዎችም ተከተሉና ገበያው በየዓይነቱ ሞላ። በ2023 አይፎን 15 ወደ ዩኤስቢ-ሲ ሲዞር ደግሞ አንዷ ማጉያ ለአይፎንም ለአንድሮይድም የምትሆን ሆነች። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ድሮ ከስልኩ ዋጋ ጋር የምንከፍልበት ነገር ነው ዛሬ ለብቻው ተጠቅልሎ የሚሸጥልን።

ልዩነታቸውስ? እኛ ሾፌሮች ስለሆንን በሞተር እንየው። የአሜሪካ ገበያ ላይ ያለችው የአፕል 9 ዶላር መለወጫ 1 ቮልት ያህል ትሰጣለች። ጥቁሩ ድራጎንፍላይ 1.2፣ ቀዩ 2.1 ቮልት ይሰጣሉ። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጆሮ ግን አራት እጥፍ አድርጎ አይሰማውም፤ 6 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው። ድምፁ ሁለት እጥፍ ጮኸ ብለን እንድንል ጉልበቱ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት።

ስለዚህ ወሳኙ የጆሮ ማዳመጫችሁ ነው። በየሱቁ የሚሸጡት ትናንሽ ኤርፎኖች አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው፤ ለእነሱ 1 ቮልት ከበቂ በላይ ነው። ከተማ ውስጥ በ25 ማይል ለሚነዳ ሰው ስምንት ሲሊንደር ሞተር ምን ይሠራለታል? እንደ ዘንሃይዘር ኤችዲ 600 ያሉት ትልልቅ የቤት ማዳመጫዎች ግን 300 ኦም ናቸው። እዚያ ላይ 1 ቮልት 3.3 ሚሊዋት ብቻ ሲሆን 2.1 ቮልት ወደ 15 ሚሊዋት ይጠጋል። በተለይ ዝግ ብሎ የተቀዳ ሙዚቃ ሲሆን ጠንካራዋ ማጉያ ዳገት ላይ ትለያለች። እኔ ራሴ በትንሹ ኤርፎን ርካሿንና ውዷን ሳፈራርቅ፣ የድምፁን ከፍታ እኩል ካደረግሁት ለመለየት እቸገራለሁ። ይህ "እኩል ካደረግሁት" የሚለው ነገር ቁልፍ ነው። ትንሽ የጮኸ ነገር ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ብዙ ሻጭ እንጀራ የሚበላው በዚህ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች፣ እዚያ የምትሸጠው የአፕል መለወጫ በድምፅ ገደብ ደንብ ምክንያት ግማሽ ያህል ቮልት ነው የምትሰጠው፤ ድምፁ አነሰብኝ ካላችሁ ነገሩ ይሄ ነው። ያቺው መለወጫ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ስትሰካም ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ለአንድሮይድ ሌላ ምረጡ።

ሁለተኛው አገር ቤት ስልክ ለምትልኩ ነው። በመልክ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዓይነት ሽቦዎች አሉ። አንደኛው በውስጡ ተርጓሚና ማጉያ አለው። ሌላኛው ባዶ ሽቦ ነው፤ ስልኩ ራሱ ተርጉሞ ድምፁን በዩኤስቢ ቀዳዳ ካላወጣለት ዝም ይላል። ብዙ ስልክ ደግሞ ያንን አያደርግም። እዚህ በሁለት ዶላር ገዝታችሁ በሰው እጅ የላካችሁት ሽቦ እዚያ ሲደርስ ድምፅ አልባ ከሆነ፣ እናታችሁ "ልጄ የላከልኝ ስልክ ተበላሽቶ መጣ" ብለው ዝም ነው የሚሉት፤ አይነግሯችሁም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ "ዳክ" የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ፤ በእንግሊዝኛ በሦስት ፊደል ይጻፋል፣ ትርጉሙ ተርጓሚው ውስጡ አለ ማለት ነው። ከመላካችሁ በፊትም በዚያው በምትልኩት ስልክ ሞክሩት።

አንድ እውነት ደግሞ ልጨምር። ማጉያ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በሸክላ ያሳተማቸው ዘፈኖች ከዋናው ቴፕ በጥንቃቄ ሲገለበጡ ትሰማላችሁ፤ የባሱ ምት እንኳ ለይቶ ይመጣል። ከካሴት ወደ ካሴት አሥር ጊዜ የተገለበጠው ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ግን፣ 300 ዶላር ማጉያ የሚጨምርላችሁ የካሴቱን ፉጨት ነው። ገንዘቡ ካለ ቀድሞ ጥሩውን ቅጂ መግዛት ይሻላል፤ ለዘፋኙም ይደርሳል።

ጆሯችንንም እናስብለት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይቻላል፤ 90 ሲደርስ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጠንካራ ማጉያ ይህን መስመር በቀላሉ ያሻግራል፤ የሞተ የጆሮ ነርቭ ደግሞ በገንዘብ አይተካም። ሾፌሮች ደግሞ አስተውሉ፣ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በካሊፎርኒያም እየነዱ ሁለቱንም ጆሮ መሸፈን ክልክል ነው። ማጉያዋ ለተራ መጠበቂያ ናት። በዚያ ላይ የቻርጀሩን ቀዳዳ ትይዛለች፤ ባትሪውንም ትበላለች።

እንግዲህ ሦስተኛው ጥያቄ መልስ አገኘ። በትንሽ ኤርፎን ለምትሰሙ 9 ዶላሯ ትበቃለች። ትልቅ ማዳመጫ ላላችሁ፣ ጉልበት ያላት ብትገዙ ገንዘባችሁ በከንቱ አይሄድም። ግን "አዲስ ቴክኖሎጂ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሲመጣ ከስልካችን ተነቅሎ በጎን የተመለሰልን የድሮ ንብረታችን መሆኑን አትርሱ። ቀዳዳዋ ያላቸው ስልኮች ዛሬም ይሸጣሉ፤ በተለይ ርካሾቹ ላይ አለች። ለእናት የሚላክ ስልክ ከሆነ እሱን ምረጡ፤ ሰፈር ካለው ሱቅ የተገዛ ማንኛውም ኤርፎን ይሠራላቸዋል።

የምትጠቀሙትን ስልክና ማዳመጫ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የምትሆናችሁን አብረን እንፈልጋለን። ቸር ዋሉ፣ በሰላም ንዱ።