ግማሽ ቶን ስንት ኩንታል ነው?

በአገራችን የጭነት መኪና የሚታወቀው በኩንታል ነው። ሊብሬው ላይ የመጫን አቅሙ ተጽፏል፤ ሻጭም ሲያሻሽጥ፣ ደላላም ሲያሞግስ "ይህን ያህል ኩንታል ይጭናል" ይላል። ሾፌሩ ከዚያ በላይ መጫኑ መቼም አይቀርም፤ ሲጭን ግን ከምን በላይ እንደጫነ ያውቃል። አሜሪካኖችም በአንድ ዘመን እንደዚሁ ነበሩ። ፒክአፖቻቸውን ግማሽ ቶን፣ ሦስት ሩብ ቶን፣ አንድ ቶን እያሉ በሚሸከሙት ልክ ይጠሯቸው ነበር። ዛሬም የሚጠሯቸው በዚያው ስም ነው። ይሁን እንጂ ስሙና ክብደቱ ከተፋቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እንዴት እንደተፋቱ ማወቅ ለእኔ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አልነበረም።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር ከተማ ነው። ባለቤቴና ሦስቱ ልጆቻችን ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ተራራው ወጥቶ ማደር ይወዳሉ። ድንኳኑ ሰለቸንና ተሳቢ ቤት እንግዛ ተባለ፤ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ቤት ማለቴ ነው። ቤቱን መምረጥ ቀላል ሆነ። ያከራከረን የሚጎትተው መኪና ነው። "ግማሽ ቶን" የሚሉት ተራው ፒክአፕ ይበቃል ወይስ "ሄቪ ዱቲ" የሚባለው ከባዱ ያስፈልጋል? ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና በ1973 በተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ያልፋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዋሻው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በርን ያየ ሰው ከዚያም ከፍ ብሎ ያስበው። ከዋሻው ማዶ ያለው ቁልቁለት ፍሬናቸው እምቢ ላላቸው ከባድ መኪኖች ከመንገዱ ዳር ማምለጫ የተሠራለት ነው። ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ የወረደ ሰው ጭንቀቴ ይገባዋል። ኋላዬ ሦስት ቶን ተጎትቶ፣ የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ሦስት ልጆች ተቀምጠው በስም ብቻ አምኜ መውረድ አልፈለግሁም።

የስሙ ነገር የሚጀምረው ከፎርድና ከሼቭሮሌት ነው። ፎርድ በ1917 "ቲ ቲ" የተባለውን ባለ አንድ ቶን የጭነት ሻንሲ አወጣ። ሼቭሮሌት በ1918 ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ፤ አንዱ ግማሽ ቶን፣ ሌላው አንድ ቶን። በ1925 ፎርድ ከፋብሪካው የጭነት ሳጥን የተገጠመለትን ፒክአፕ በ281 ዶላር ለገበያ አቀረበ። የአሜሪካ ቶን ከእኛ ቶን ያንሳል፤ 2,000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ ነው። ስለዚህ ግማሽ ቶን ማለት 454 ኪሎ፣ አራት ኩንታል ተኩል ያህል ማለት ነው። ለገበሬው ይህ ስም ሳይሆን ቃል ነበር። ባሌስትራው፣ አክሱ፣ ጎማው የተሠሩት ለዚያ ክብደት ነውና አራት ኩንታል ተኩል ድንች ጭኖ ገበያ እንደሚደርስ ያውቃል። ፎርድ በ1948 "ኤፍ" የተባለውን ቤተሰብ ሲያወጣ ኤፍ-1 ግማሽ ቶን፣ ኤፍ-2 ሦስት ሩብ ቶን እያለ እስከ ኤፍ-8 ደረደረ። በ1953 ኤፍ-1 ኤፍ-100 ተባለ፤ ኤፍ-250ና ኤፍ-350 የሚባሉት ስሞችም የተወለዱት ያኔ ነው። እስከዚህ ድረስ ቁጥሩም ስሙም ከሚዛን ብዙ አልራቁም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፒክአፕ ከእርሻ ወጥቶ ወደ ሽርሽር ገባ። ተሳቢ ቤት ከዚያም በፊት ነበር። ዋሊ ባያም የተባለ ሰው በ1930ዎቹ ሎስ አንጀለስ ላይ "ኤርስትሪም" የተባለውን እንደ አውሮፕላን አካል የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቤት መሥራት ጀምሮ ነበር። ይህ ሰው ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1959 ከኬፕታውን ተነስቶ 41 ተሳቢ ቤቶችን አስከትሎ አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጠ፤ በ1960 ካይሮ ገባ። መንገዱ በኢትዮጵያ በኩል ነበርና አዲስ አበባ ሲደርሱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። ቤቶቹ ጊዛ ላይ፣ ፒራሚዶቹ ሥር ተሰልፈው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ዝነኛ ነው። እኔ ግን ፎቶግራፎቹን ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቤቶቹ ሳይሆን ከፊታቸው ወደታሰሩት ፒክአፖች ነው። በዚያ ዘመን መንገድ ያን ሁሉ አገር የጎተቱት እነሱ ናቸውና ሙገሳው ሁሉ ለሚያብረቀርቀው ቤት መሆኑ ትንሽ ያናድደኛል።

በዚያው በ1960 ደራሲው ጆን ስታይንቤክ አገሩን ዞሮ ለማየት ሲነሳ የመረጠው ሦስት ሩብ ቶን ጂ ኤም ሲ ፒክአፕ ነበር። ከጀርባው ላይ የመርከብ ክፍል የምትመስል ትንሽ ቤት አስገጠመበት፤ ስሙንም በዶን ኪኾቴ ፈረስ "ሮሲናንቴ" አለው። በ1962 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ዕቃ መጫኑን ራሱ ይናገራል፤ ኦሪገን ላይ በዝናብ ጎማው ፈንድቶበታል። መኪናው ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳሊናስ በሚገኘው የስታይንቤክ ሙዚየም ቆሟል። ግማሽ ቶን ሳይሆን ከፍ ያለውን የመረጠ ሰው እንኳ ከልኩ አለፈ ማለት ነው።

ስሙን ከክብደቱ የለየው ግን ጭነት ሳይሆን ሕግ ነው። ነገሩ በዶሮ ይጀምራል ብል አንባቢ እንዳይስቅብኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጣለ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በታኅሣሥ 1963 አጸፋውን ሲመልሱ ከውጭ በሚገቡ ትናንሽ የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ዶሮው ተረሳ፤ በመኪኖቹ ላይ የተጣለው ቀረጥ ግን ዘለቀ። አዲስ አበባ ላይ በየመንገዱ የምናውቃት ቶዮታ ሃይሉክስ አሜሪካ ውስጥ የማትታየው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። እስከ 1995 ድረስ ተሽጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቦታዋን ያኔ እዚያው አሜሪካ ይገጣጠም የነበረው ታኮማ ወሰደው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በዚህ አጥር ውስጥ ሆነው ፒክአፓቸውን እንደልባቸው አሳደጉት።

ሁለተኛው ሕግ የጭስ ሕግ ነው። በ1975 ቀላል መኪኖች ጭሱን የሚያጣራ ካታሊቲክ ኮንቨርተር እንዲገጠምላቸው፣ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ብቻ እንዲጠጡ ግድ ሆነ። ከነጭነታቸው የሚፈቀድላቸው ጠቅላላ ክብደት ከ6,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ2,720 ኪሎ ገደማ በላይ የሆኑ መኪኖች ግን ከዚህ ነፃ ነበሩ። ፎርድ ምን አደረገ? ኤፍ-100ን ትንሽ አጠንክሮ ክብደቱን ከመስመሩ በላይ አሳለፈና ኤፍ-150 አለው። ሰዉ "ከባዱ ግማሽ" ብሎ ጠራው። ዛሬ ግማሽ ቶን ሲባል መጀመሪያ ወደ አሜሪካዊ ልብ የሚመጣው ኤፍ-150 እንግዲህ እንዲህ ተወለደ፤ ከሚዛን ሳይሆን ከሕግ ማምለጫ። ኤፍ-100 በ1983 አሜሪካ ውስጥ ሲቀር ስሙን ወራሹ ይዞ ቀረ።

ሦስተኛው መስመር 8,500 ፓውንድ ነው። ከ1980 ጀምሮ የነዳጅ ቁጠባ ደንብ እስከዚያ ክብደት ያሉትን ፒክአፖች ያዘ፤ ከዚያ በላይ ያሉት አመለጡ። ዛሬም አንድ ሰው ሄቪ ዱቲ ሊገዛ ቢሄድ በአዲሱ መኪና መስኮት ላይ በጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ የሚናገረውን የመንግሥት ወረቀት አያገኝም። ከመስመሩ ማዶ ናፍጣ ነገሠ። ዶጅ በ1989 የከሚንስን ባለ 5.9 ሊትር ናፍጣ ሞተር በፒክአፑ ውስጥ አስገባ፤ የፈረስ ጉልበቱ 160 ብቻ ቢሆንም ጉተታ ላይ ቤንዚኖቹን አስናቀ። ፎርድ በ1999 ሞዴሉ ኤፍ-250ን ከኤፍ-150 ነጥሎ በራሱ ሻንሲና በራሱ ጋቢና ሠራው። ጀነራል ሞተርስ ደግሞ በ2001 ሞዴሉ ዱራማክስ የተባለውን ናፍጣ ሞተር ያስገባው ከአይሱዙ ጋር ኦሃዮ ውስጥ ባቋቋመው ፋብሪካ አሠርቶ ነው። አይሱዙ ሲባል ጫትና አትክልት ጭኖ የሚከንፈው የእኛው መኪና ለሚመጣበት አንባቢ ይህ የሥጋ ዝምድና መሆኑን ልንገር። ያኔ ነው ግማሽ ቶኑና ከባዱ፣ ቀድሞ አንድ ጋቢና የሚጋሩ ወንድማማቾች፣ በእውነት ሁለት መኪና የሆኑት።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የማስታወቂያ ፉክክር ነው። ማን ይበልጥ ይጎትታል? እያንዳንዱ ፋብሪካ ቁጥሩን በራሱ ዘዴ ያወጣ ስለነበር ማወዳደር አይቻልም ነበር። የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር በ2008 የጋራ መለኪያ አወጣ። ከፈተናዎቹ አንዱ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም ከተባለው ግድብ አጠገብ የሚነሳውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል አቀበት በሙቀት ቀን፣ ተሳቢውን እንደጎተቱ፣ ፍጥነት ከተወሰነው በታች ሳይወርድ መውጣት ነው። ቶዮታ በ2011 ሞዴሉ ቀድሞ ሲቀበለው የራሱ ቱንድራ የመጎተት ቁጥር ዝቅ አለ፤ አሜሪካኖቹ ግማሽ ቶኖቻቸውን በዚያ መለኪያ ለማውጣት እስከ 2015 ሞዴል ገደማ ቆይተዋል። መለኪያው መልካም ነው። ነገር ግን ሲሰላ ጋቢናው ውስጥ የሚታሰቡት እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሰዎች ናቸው። እኛ አምስት ነን።

እዚህ ላይ ነው ከማስታወቂያው ወርጄ የሾፌሩን በር የከፈትኩት። በበሩ ማዕዘን ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከዚህ አይበልጥ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የዓይናችን ማረፊያ የነበረው ግማሽ ቶን ማስታወቂያው አምስት ቶን ይጎትታል የሚለው ነው፤ ወረቀቱ ግን 680 ኪሎ ይላል። ያሰብነው ተሳቢ ቤት ተጭኖ 3,175 ኪሎ ይመዝናል። ተሳቢ ሲጎተት ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት፤ ካነሰ ተሳቢው እንደ እባብ ጅራት ይወዛወዛል። በ13 በመቶ ብናስበው 413 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት የሚቆጠረው ከመኪናው ጭነት ነው። ከ680 ላይ ሲቀነስ 267 ይቀራል። እኔ 80፣ ባለቤቴ 70፣ ሦስቱ ልጆች 110፤ ድምሩ 260። ሰባት ኪሎ ተረፈን! ከሰሉ፣ ረከቦቱ፣ የውኃው ጀሪካን፣ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎች የሚያካፍለው መንጠቆ ራሱ ገና አልተቆጠሩም። ለመጎተት አቅም ያለው መኪና ለመሸከም አቅም አጣ ማለት ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመት ለገበሬው የተሰጠው ቃል የሚናገረው ደግሞ ስለ መሸከም ነበር።

ከባዱ መፍትሔ ነው ማለት ግን እንዲሁ አይቻልም። ውድ ነው፤ ነዳጅ ይበላል፤ ጋራዣችን ውስጥ አይገባም። ናፍጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሞተሩ ራሱ ከባድ ስለሆነ ጠቅላላ ክብደቱ በ10,000 ፓውንድ በተገደበ ሦስት ሩብ ቶን ላይ ሲገባ የመጫን አቅሙን ይበላዋል፤ አንዳንዱ ናፍጣ በደንብ ከተሠራ ግማሽ ቶን ብዙም አይሻልም። የናፍጣው ጥቅም ቁልቁለት ላይ ነው። በጭስ ማውጫው በኩል ሞተሩን አፍኖ መኪናውን የሚይዝ መሣሪያ አለው፤ እግር ከፍሬኑ ላይ ሳይውል ይወርዳል። ብዙ የሚጎትት፣ ዓመቱን ሙሉ ተራራ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ቢገዛው ገንዘቡን አላባከነም እላለሁ። በዓመት አምስትና ስድስት ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ግን አይመስለኝም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ያለችው ትክክል ሆኖ አገኘሁት፦ መኪናውን ከማሳደግ ቤቱን እናሳንስ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አደረግን። ተጭኖ ከ2,500 ኪሎ የማያልፍ ተሳቢ ቤት መረጥን፤ ያገለገለ፣ ቤንዚን የሚጠጣ፣ በሩ ላይ 1,300 ኪሎ የተጻፈበት ሦስት ሩብ ቶን ገዛን። ግማሽ ቶኑ ይህን ትንሹን ቤት ምናልባት ይችለው ነበር፤ ግን ልጆቹ ያድጋሉ፣ ዕቃውም አብሮ ያድጋል። ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ከባድ መኪኖች የሚመዘኑበት ማደያ ወስጄ ሁላችንም እንደተቀመጥን አስመዘንኩት፤ በሩ ላይ ከተጻፈው ሦስት ኩንታል ያህል ይጎድለናል። ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው ደረቅ ነው፤ ልጆቹ ጋሪ ነው ይሉታል። ተሳቢው ሲታሰርበት ይረጋል።