ግዘፍ የነሣ ፎቶ

«ባለ ሦስት ጎን ፎቶ» የሚል አጠራር እየተለመደ መጥቷል። ሦስት ጎን ያለው ነገር ሦስት ማዕዘን ነው፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ሊባል የተፈለገው ግን ፎቶን እንደ ዕቃ ይዘው የሚቆርጡት፣ የሚያጥፉት፣ ከእንጨት ወይም ከሲሚንቶ ጋር አዋሕደው የሚያቆሙት የዘመናችን ሠዓሊዎች ሥራ ነው። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ፎቶግራፍን ከቅርጻ ቅርጽ ጋር ያገናኘ ዐውደ ርእይ ያሳየው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሄሊና መታፈሪያም የቆዩ የትግል ፎቶዎችን ቆራርጣ በሴቶች ራስ ላይ ዘውድ አድርጋ ትደፋቸዋለች። አንባቢ ነገሩን አየት ሳያደርገው አይቀርም፤ የቸገረን ስሙ ነው።

«ፎቶ ኦብጀክት» ትርጉም አይደለም፤ ከትርጉም መሸሽ ነው። «ባለ ሦስት አውታረ መጠን ፎቶ» ለሒሳብ መምህር ይስማማል፤ በመነጽር የሚታየውንና እጅ የማይነካውን ፊልም ግን አብሮ ይጠራል። «ቅርጻዊ ፎቶ» ይሻል ነበር፤ ቀረጻን ግን ፊልምና ድምፅ ቀድመው ወስደውታል። «ግዙፍ ፎቶ» ደግሞ በአብነት ትምህርት ቤት ቋንቋ የረቂቅ ተቃራኒ፣ አካል ያለው ማለት ስለሆነ ልክ ነው። የዛሬ ጆሮ ግን ከትልቅነት በቀር ሌላ አይሰማበትም።

እኔ የምለው «ግዘፍ የነሣ ፎቶ» ነው። ረቂቅ የነበረው አካል ሲያገኝ ግዘፍ ነሣ እንላለን፤ ሐሳብም ግዘፍ ይነሣል። ነሣ የግእዙ ነሥአ፣ ማለትም ወሰደ፣ ያዘ ነው። ፎቶ የምናነሣውም በዚሁ ሥር ነው፤ ስለዚህ ሐረጉ ለፎቶ ባዕድ አይደለም። «እንቅልፍ ነሣኝ» እንደምንለው ነሣ ከለከለ ማለትም አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። የከለከለ ነሣ የተነፈገውን ሰው ይጠራል፤ ነሣኝ፣ ነሣው ይላል። ግዘፍ ነሣ ግን ማንንም አይነፍግም፤ ለራሱ ይወስዳል።

ደግሞስ አማርኛ ፎቶ ዕቃ መሆኑን መቼ አጣው? ፎቶ እናሳጥባለን። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብለን በብዕር እንጽፋለን። በለቅሶ ላይ የሟችን ፎቶ ይዘን እናለቅሳለን፤ እቅፍ ውስጥ ያለው ወረቀትና ፍሬም ነው፣ ክብደት አለው። እንደ ጌዴኦዋ ቡሌ ባለ ብርዳማና እርጥብ ደጋ ግድግዳ ላይ የኖረ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፤ ምስሉን የያዘው ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳልና። ሊያላቅቀው የሞከረ ሰው ፊቱ መስታወቱ ላይ ሲቀር አይቷል። ፎቶግራፍ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬ በመቃብር ድንጋዮች ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቁባቸውን የሟቾች ፎቶዎች በካሜራው ሰብስቧል። ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም አልስማማ ስላለው ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነውና፣ የቁስን ጠባይ በገላው ያውቃል። በመቃብር ላይ መልክን ማቆምማ በጌዴኦ ከካሜራ በፊት የነበረ ነው፤ የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች፣ አንዳንዶቹ ፊት የተቀረጸባቸው፣ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው እነዚህንም ይዞ ነው።

ሐረጉ ረዘመ ለሚል፣ ርዝመቱን ግሱ ይክሰዋል። ፎቶው ግዘፍ ነሣ፤ ሠዓሊዋ ግዘፍ አስነሣችው፤ ገና ግዘፍ ያልነሣው ስልካችን ውስጥ አለ። «ኦብጀክት»ን እንዲህ አርቡት እስቲ።