ዐሹራእ፦ ደስታና ሐዘን የተገናኙበት ዕለት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ሙሐረም 10፣ ማለትም የዐሹራእ ዕለት ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ዕለቱ የደስታ ነው ወይስ የሐዘን? ጥያቄው የሚነሳው በዘመን የተራራቁ ሁለት ታላላቅ ክስተቶች በዚህ ቀን ስለተገናኙ ነው።

የመጀመሪያው የነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከጠላት መዳን ነው። አላህ ባሕሩን ከፍሎ ሙሳንና በኒ ኢስራኢልን አሻገረ፤ ፊርዐውንን ከነሠራዊቱ አሰጠመ። ሙሳም አላህን ለማመስገን ዕለቱን ጾሙ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ አይሁዶች ይህን ቀን ሲጾሙ አገኟቸው። ምክንያቱን ሲሰሙም ለሙሳ ይበልጥ የሚቀርቡት ሙስሊሞች መሆናቸውን ገልጸው ጾሙ፤ እንዲጾምም አዘዙ። ቀኑ ለቁረይሾችም እንግዳ አልነበረም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ካዕባ ልብሱን የሚለብሰው በዚሁ ዕለት ነበር። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ የረመዳን ጾም ሲደነገግ የዐሹራእ ጾም ሱና ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ክስተት የደረሰው በ61ኛው ዓመተ ሂጅራ (680 እ.ኤ.አ) ነው። የነቢዩ የልጅ ልጅ ሑሰይን ኢብኑ ዐሊይን (ረ.ዐ) የኩፋ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፉ ጠሯቸው፤ መንገድ ሲጀምሩ ግን ከዷቸው። የኩፋው ገዥ ዑበይዱላህ ኢብኑ ዚያድ የላከው ብዙ ሺህ ጦር ከርበላ ላይ ከበባቸው፤ የኤፍራጥስን ውሃም ከለከላቸው። ሑሰይንም ከሰባ ገደማ ባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። እህታቸው ዘይነብና ታሞ የነበረው ልጃቸው ዐሊይ ዘይኑል ዓቢዲን ተማርከው ተወሰዱ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ተከፋፈሉ። ከፊሉ ቀኑን የዋይታና የደረት መምቻ አደረገው። ከፊሉ በእልህ የመኳኳያና የድግስ ቀን አደረገው። ሌሎች ደግሞ የነቢያት ልደትና ታላላቅ ክስተቶች ሁሉ በዚህ ቀን ሆኑ የሚል ረጅም ዝርዝር አሰራጩ። በ597ኛው ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑል ጀውዚ ይህን የመሰለውን ዘገባ የተቀጠፉ ሐዲሶችን በሰበሰቡበት ኪታባቸው ውስጥ አስፍረውታል።

ታዲያ ሚዛናችን ምን ይሁን? መልሱን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እናገኘዋለን። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ከማሪያ የወለዱት ሕፃኑ ኢብራሂም ሞተ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ ለኢብራሂም ሞት ጨለመች አሉ። ሐዘንተኛው አባት ግን ዝም አላሉም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ሁለቱ መሆናቸውንና ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ለልጃቸው ዓይናቸው አንብቷል፣ ልባቸው አዝኗል፤ ከአንደበታቸው ግን ጌታን የማያስደስት ቃል አልወጣም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ሁለት ነገር በአንድ ቀን መግጠሙ አንዱን የሌላው ምክንያት አያደርገውም። ስለዚህ ገደቢስ ቀን ብሎ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሐዘን ይፈቀዳል፤ ወሰን ግን አለው። የሑሰይን መገደል ሙእሚንን ሁሉ ያሳዝናል፤ ይሁን እንጂ ዒባዳ የሚደነገገው በሐዘናችን ወይም በደስታችን ሳይሆን በነቢዩ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! በዐሹራእ ዕለት ለልጆቻችሁ ሁለቱንም ታሪክ ንገሯቸው። ስለ ሙሳ አላህን አመስግኑ። ስለ ሑሰይን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» በሉ፤ ዱዓም አድርጉላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለከርሞ 9ኛውንም ቀን ለመጾም አስበው ሳይደርሱበት በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ አርፈዋል። እንግዲህ እርሳቸው ያሰቡትን እኛ እንፈጽመው፤ 9ኛውንና 10ኛውን ቀን እንጹም። የዐሹራእ ጾም ያለፈውን ዓመት ኃጢአት እንደሚያስምር ተነግሮናልና።

አላህ ሰምተው ከሚሠሩት ያድርገን።