የእግረኛ መንገድ ተደራሽነት

የእግረኛ መንገድ ተደራሽነት ማለት የከተማ የእግረኛ መንገዶች በተሽከርካሪ ወንበር (ዊልቸር) የሚንቀሳቀሱ፣ ማየት የተሳናቸው፣ በምርኩዝ የሚሄዱና ሌሎች አካል ጉዳተኞች ያለ ሰው እርዳታና ያለ አደጋ ሊጠቀሙባቸው በሚችሉበት ሁኔታ መሠራታቸውና በዚያው ሁኔታ መቆየታቸው ነው። «መቆየታቸው» የሚለው በከንቱ አልተጨመረም፤ በደንብ የተሠራ መንገድም የግንባታ አሸዋ ሲደፋበት፣ መኪና ሲቆምበት ወይም የማንሆሉ ክዳን ሲጠፋ ተደራሽ መሆኑ ያበቃል። በእግሩ የሚሄድ ሰው እንቅፋቱን ዞሮ ያልፋል። በዊልቸር የሚሄደው ግን ወይ ከመኪኖች ጋር ይጋፋል፣ ወይ ወደ መጣበት ይመለሳል።

መለኪያዎች

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው መመዘኛ ለመተላለፊያ ቢያንስ 91.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይጠይቃል፤ በ2023 በተለይ ለመንገዶች የወጣው መመሪያ ይህን ወደ 122 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎታል። ከመንገድ ጠርዝ ድንጋይ (ከርብስቶን) ወደ አስፋልት የሚያወርደው ራምፕ ቁልቁለቱ ከ1 ለ 12 መብለጥ የለበትም። ይህም ማለት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ 1.80 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ያስፈልገዋል። ብዙ ቦታ «ራምፕ» ተብሎ የሚሠራው አጭር ሲሚንቶ ከዚህ በጣም የቆመ ስለሆነ ለመውጣት ክንድ ይፈትናል፣ ወንበሩንም ወደ ኋላ ሊገለብጠው ይችላል። የጎን ዘንበልታም ትኩረት ይሻል። ለውኃ መፍሰሻ ተብሎ ከ2 በመቶ ብዙ ካዘነበለ፣ ዊልቸሩ ያለማቋረጥ ወደ አስፋልቱ ይሳባል፤ ተጠቃሚውም መንገዱን ሁሉ በአንድ እጁ እየታገለ ይሄዳል።

ታሪክ

ከቀደሙት ምሳሌዎች አንዱ በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው የካላማዙ ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጉዳት ይዞ የተመለሰው ጠበቃ ጃክ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ከተማዋ በመንገድ ጠርዞች ላይ ራምፕ እንድትሠራ አድርጓል። ጉዳዩ ሰፊ እንቅስቃሴ የሆነው ግን በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ነው። በፖሊዮ ምክንያት ዊልቸር ይጠቀም የነበረው ኤድ ሮበርትስና ሌሎች አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ባደረጉት ግፊት የከተማዋ ምክር ቤት በ1971 በመንገድ ማዕዘኖች ላይ ራምፖች እንዲሠሩ ወሰነ። ከዚያ በኋላ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ዕቃ የሚያመላልሱ ሠራተኞችና ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞችም በራምፖቹ ይጠቀሙ ጀመር።

ራምፑ ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ። በነጭ በትር የሚሄድ ዓይነ ስውር የእግረኛው መንገድ ማለቁን የሚያውቀው በትሩ ከጠርዙ ሲወርድ ነው። ጠርዙ ከተስተካከለ ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ሰውየውም ሳያውቀው መኪና መሐል ሊገባ ይችላል። ለዊልቸር መንገድ የከፈተው ማስተካከያ ለዓይነ ስውር አደጋ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው የተገኘው ከጃፓን ነው። ሴይቺ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1965 በእግርና በበትር የሚዳሰስ ንጣፍ ሠራ፤ መጋቢት 18 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ.) በኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ንጣፉ ሁለት ዓይነት ነው፦ ክብ ነጠብጣብ ያለው «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ሲል፣ ረጃጅም መስመር ያለው ደግሞ «በዚህ አቅጣጫ ሂድ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሚደረገው በከፊል የሚያዩ ሰዎች በቀላሉ እንዲለዩት ነው። ለጌጥ ተብሎ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ሲሰጠው ወይም መስመሩ ወደ መብራት ምሰሶ ሲመራ ጥቅሙን ያጣል።

ሕግና ኃላፊነት

የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በ1990 ከወጣ በኋላም የእግረኛ መንገድ በሕጉ ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም የሚለው አከራካሪ ነበር። የሳክራሜንቶ ከተማ መንገዱ ራሱ የመንግሥት «አገልግሎት» አይደለም ስትል ተከራከረች። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2002 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ በመንገዱ ላይ ያሉ እንቅፋቶችን ማስወገድም የከተማዋ ግዴታ ነው አለ። በተደረሰው ስምምነት ከተማዋ እስከ 30 ዓመት ድረስ ከትራንስፖርት በጀቷ 20 በመቶውን ለዚህ ሥራ ለመመደብ ተስማማች። ውሳኔው ትልቅ ትርጉም ያለው በጀቱን ከበጎ ፈቃድ አውጥቶ ግዴታ ስላደረገው ነው። ጥገናን በተመለከተ ከተሞች ይለያያሉ፤ ለምሳሌ በኒው ዮርክ በሕንፃው ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ የመጠገን ግዴታ የባለንብረቱ ነው።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሕንፃዎችን ብቻ ሳይሆን መንገዶችንም ይጠቅሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ያዝዝ ነበር። ይሁን እንጂ አዋጁ ስለ ሕንፃ ነው፤ ከበሩ እስከ ታክሲ ማቆሚያው ያለው መንገድ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛ ቅድሚያ ለመስጠት የወጣ ሰነድ ነው።

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አግኝተዋል። የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ነገር ግን የተለየ ነው። ኮብልስቶን ለመኪና ጎማ ይመቻል፤ የዊልቸር ትናንሽ የፊት ጎማዎች ግን በድንጋዮቹ መሐል ይያዛሉ። የተከፈተ ቦይ፣ በመንገዱ መሐል የቆመ የመብራት ምሰሶና የተከመረ ጠጠር በየሰፈሩ የታወቁ ናቸው።

የመንገድ ላይ ንግድም እንደ እንቅፋት ይነሣል። ሆኖም በእግረኛ መንገድ ከሚነግዱትና ሎተሪ ከሚያዞሩት መካከል ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑ ስላሉ፣ ሁሉንም ማባረር ተደራሽነት ነው ለማለት ያስቸግራል። የከተማ ዲዛይነሮች ስፋቱ በሚፈቅድበት ቦታ መንገዱን በሦስት ረድፍ ይከፍሉታል፦ ከሕንፃው ጥግ ያለው ለመግቢያና መውጫ፣ መሐለኛው ለመሄጃ ብቻ፣ በአስፋልቱ በኩል ያለው ለዛፍ፣ ለምሰሶ፣ ለአግዳሚ ወንበርና ለሻጮች። ዋናው ነገር መሐለኛው ረድፍ ሳይቆራረጥ መቀጠሉ ነው።

ካርታና ሶፍትዌር

የእግረኛ መንገድን መረብ እንደ ግራፍ ለሚያይ የኮምፒውተር ተማሪ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ማያያዣ ሲቆረጥ አንድ ሰፈር ሙሉ ሊነጠል ይችላል። በኦፕንስትሪትማፕ ላይ በጎ ፈቃደኞች የጠርዙን ከፍታ፣ የወለሉን ዓይነትና የሚዳሰስ ንጣፍ መኖር አለመኖሩን መመዝገብ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ውስጥ የተጀመረው ዊልማፕ በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ቦታዎችን ለዊልቸር ባላቸው አመቺነት በቀለም ይለያል። በሲያትል የተሠራው አክሰስማፕ ተጠቃሚው ሊወጣው የሚችለውን ከፍተኛ ዳገት ጠይቆ መንገድ ያወጣል፤ ስለዚህ በእጅ ለሚገፋ ዊልቸርና በባትሪ ለሚሄድ ዊልቸር በተመሳሳይ ሁለት ቦታዎች መካከል የተለያየ መንገድ ሊያሳይ ይችላል። ፕሮጀክት ሳይድዎክ በበኩሉ ሰዎች የጎዳና ፎቶዎችን ኮምፒውተር ላይ እያዩ የጎደለ ራምፕና የተሰበረ ወለል እንዲያመለክቱ ያደርጋል። በዚህ ዘዴ ቋሚ ጉድለቶች ይገኛሉ፤ ፎቶው ከተነሣ በኋላ የተደፋ አሸዋ ግን አይታይም።