የታይሮይድ መድኃኒት መሥራቱ በምን ይታወቃል?

«ዶክተር፣ ኪኒኑን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ግን የሚሠራ አይመስለኝም» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ።

በ1891 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሬይ የታይሮይድ ዕጢዋ ሥራ ላቆመ የ46 ዓመት ሴት የበግ ዕጢ ጭማቂ በመርፌ ሰጣት። ያኔ የሆርሞን ምርመራ የለም! መሥራቱን ያወቀው በዓይኑ ነው፦ የፊቷ እብጠት ጎደለ፣ ንግግሯ ፈጠነ፣ ማላብ ጀመረች። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከ870 በላይ በጎች ዕጢ ወስዳለች።

ዓይን ግን ትንሽ ማነሱንና ትንሽ መብዛቱን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቲኤስኤችን በደም መለካት ተቻለ። መድኃኒቱ ሲያንሳችሁ ፒቱታሪ የምትባለው የአንጎል ዕጢ ቲኤስኤችን ከፍ ታደርጋለች፤ ሲበዛባችሁ ትቀንሳለች። የመድኃኒቱ መጠን ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ የሚደረግ ምርመራ ግን ያሳስታል።

ቲኤስኤች ከፍ ካለ፣ መጠን ከመጨመሬ በፊት የምጠይቀው «እንዴት ነው የምትወስዱት?» ብዬ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው። (አዎ፣ ቡናም ይቆጠራል!) የአይረንና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ በ4 ሰዓት ይራቅ። የጠዋቱ ካልተመቻችሁ፣ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ ስለ መውሰድ ሐኪማችሁን አማክሩ።