ያልመጣውን ዘመን መቁጠር

እ.ኤ.አ. በሜይ 1941 የወጣው የአስታውንዲንግ መጽሔት ዕትም ከልብወለዶቹ ጎን አንድ ሰንጠረዥ ይዞ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰንጠረዡ የሮበርት ሃይንላይን ነው፤ ታሪኮቹ እርስ በርስ እንዳይጣረሱበት ለራሱ ያዘጋጀውን አዘጋጁ ጆን ካምቤል ለአንባቢ አወጣው። ርዕሶቹ ከዘመናቸው ትይዩ ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ዕድሜ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ በመስመር ተሠምሯል፤ በየዘመኑ የሚፈለሰፈው መሣሪያና በኅብረተሰቡ ላይ የሚደርሰው ለውጥም የየራሳቸው ረድፍ አላቸው።

መጪውን ዘመን በሥዕል ማሳየት በእርሱ አልተጀመረም። እንግሊዛዊው ኦላፍ ስቴፕልደን በ1930 ባሳተመው መጽሐፉ 18 የሰው ዘር ዓይነቶችን በሁለት ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ሲያፈራርቅ፣ ልኬታቸው እየሰፋ የሚሄድ የዘመን መስመሮችን አብሮ አቅርቧል። ያ ግን በአንድ ጥራዝ የተጠቃለለ ታሪክ ነው። የሃይንላይን ታሪኮች በየመጽሔቱ ተራ በተራ ይወጡ ስለነበር፣ አንዴ የታተመ ነገር ቀጣዩን ሁሉ ያስራል።

ከሰንጠረዡ እኔን የሚስበኝ ያልተሞላው ቦታ ነው። ሃይንላይን ርዕስ ሰጥቷቸው ፈጽሞ ያልጻፋቸው ታሪኮች አሉ። አንዱ ነህምያ ስከደር የተባለ ሰባኪ አሜሪካን እንዴት በእጁ እንዳስገባ የሚተርክ መሆን ነበረበት። አንባቢ የሚያገኘው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያ አገዛዝ ላይ የተነሣውን ዐመፅ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ሰዎቹ በሩቅ የሰሙትን እንጂ ያላዩትን ታሪክ ተሸክመው ሲኖሩ፣ ዓለማቸው ከመጽሐፉ በፊትም የነበረ ይመስላል። ሁሉንም ዓመት በክስተት የሚሞላ ጸሐፊ ይህን ጥልቀት በገዛ እጁ ይደፍነዋል።

በሰንጠረዡ ጨረቃ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ሮኬት የ1978 ነበር። በጁላይ 1969 ሰው በእርግጥ ጨረቃን ሲረግጥ ሃይንላይን ከአርተር ሲ. ክላርክ ጋር በሲቢኤስ ቴሌቪዥን አስተያየት ሰጪ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። የራሱ ዘመን የተሻረው በዓይኑ ፊት ነው፤ ታሪኮቹ ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ቀኑ ቢፈርስም አንዱ ክስተት ሌላውን የወለደበት መንገድ አልፈረሰም።

አይዛክ አሲሞቭ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። የመጀመሪያ የሮቦት ታሪኩ በ1940፣ የመጀመሪያው የ«ፋውንዴሽን» ታሪክ በ1942 ታተመ፤ ሁለቱን በአንድ ዓለም ሊያኖራቸው አላሰበም። በ«ፋውንዴሽን» 25 ሚሊዮን ፕላኔቶችን የሚገዛ መንግሥት አለ፣ አንድም ሮቦት ግን የለም። በዚያ ላይ «ፔብል ኢን ዘ ስካይ» በተባለው የ1950 ልብወለዱ ምድር በጨረራ የተበከለች ናት፤ አንባቢ ምክንያቱ የአቶም ጦርነት ነው ብሎ ተቀብሎታል።

በ1980ዎቹ እነዚህን ሁሉ ሊያጋጥም ሲነሣ፣ ቀላሉ መንገድ ቀናቱን ማስተካከል ነበር። አሲሞቭ ግን ጥያቄ ጠየቀ፦ ሮቦቶች ይህን ያህል ጠቃሚ ከነበሩ የት ገቡ? ምድርስ ለምን ሞተች? መልሱን በ1985ቱ «ሮቦትስ ኤንድ ኢምፓየር» ሰጠ። በሮቦት አገልግሎት ተቀማጥለው የኖሩት ቀደምት ሰፋሪዎች እየመነመኑ ሄዱ፤ ጋላክሲውን የሞሉት ያለ ሮቦት የወጡት ናቸው። የምድርን ቅርፊት የሚያመርዝ መሣሪያ በጠላቶቿ ይተከላል፤ ጊስካርድ የተባለው ሮቦት ሊያቆመው ሲችል ቀስ ብሎ እንዲሠራ ይተወዋል፤ ሰው ከትውልድ ቤቱ ካልተገፋ ወደ ከዋክብት አይወጣም ብሎ። ጊስካርድ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ መሆን አይችልም፣ አእምሮውም በዚያ ጭንቀት ይጠፋል። በዓመታት ጥረት ከተሠሩ ማስተካከያዎች መካከል ከዚህ የበለጠ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ጽሑፎች የማይገጥሙበት ክፍተት የአንድ ነፍስ ሞት የሚያስከፍል ውሳኔ ሆነ።

ሥራው እንከን የለሽ አልነበረም። በ1988 አሲሞቭ በ«ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» መግቢያ 14 መጻሕፍቱን በውስጣዊ ዘመናቸው ቅደም ተከተል ዘረዘረ፤ ሲጀምራቸው አንድ ወጥ ዕቅድ እንዳልነበረውም በግልጽ ተናገረ። ከዝርዝሩ ሁለቱን የግዛቱን መነሻ ዘመን መጻሕፍት ቦታ ማቀያየር ይገባ ነበር የሚሉ አንባቢዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

በቴሌቪዥን ችግሩ የብዙ እጆች ነው። በ1966 የጀመረው «ስታር ትሬክ» ዘመኑን ላለመናገር «ስታርዴት» የሚባል ቁጥር ፈጠረ። ያም ሆኖ አንዱ ክፍል ከእኛ ሁለት መቶ ዓመት እንደሚርቅ ሲጠቁም፣ ሌላው ወደ ዘጠኝ መቶ ይወስደው ነበር። ዓመቱ የጸናው በ1988 የተላለፈ አንድ ክፍል 2364 ብሎ በቀጥታ ሲናገር ነው። ማይክልና ዴኒዝ ኦኩዳ በ1993 የዘመን መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ፣ የመጀመሪያው ተከታታይ ከተላለፈበት ጊዜ ልክ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ይሆናል የሚል መነሻ ያዙ። ግምት ነው፤ ግን አንድ ምሰሶ ሳይተከል ሌላው አይቆምም።

ጀርመኖች አስቀድሞ መከላከልን መረጡ። ከ1961 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወጣው ተከታታይ ልብወለድ «ፔሪ ሮዳን» በ2019 ሦስት ሺህኛ ቁጥሩ ላይ ደርሷል። ጸሐፊዎቹ ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ቅጽ ንድፍ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዎች እጅ ይወጣል፣ ሌሎቹ በዚያ ላይ ይጽፋሉ። ይህን ያህል ዘመን የዘለቀበትን ምክንያት ብጠየቅ በመጀመሪያ የምጠቅሰው ይህን አሠራር ነው።

«ስታር ዋርስ» ከምድር ዘመን ስለተላቀቀ ዕድለኛ ነበር። እኛ ዓመተ ዓለምና ዓመተ ምሕረት እንደምንለው፣ ዓመታቱን በታሪኩ ውስጥ ከሚካሄደው የያቪን ጦርነት በፊትና በኋላ ብሎ ይቆጥራል። ከ2000 ጀምሮ ሊላንድ ቺ የተባለ ሠራተኛ ፊልሙን፣ ልብወለዱን፣ ጨዋታውን በአንድ የመረጃ ቋት መዘገበ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥም ደረጃ ወጣለት። ሆኖም በኤፕሪል 2014፣ ዲዝኒ የ«ስታር ዋርስ»ን ባለቤት ኩባንያ ከገዛ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ የቀድሞዎቹ ልብወለዶች «ሌጀንድስ» ተብለው ከዋናው ታሪክ ተለዩ። ለአዲስ ፊልም ቦታ መክፈቱ ይገባኛል። የብዙ ጸሐፊዎች ድካም ወደ ጎን መደረጉ ግን አንባቢውን ማሳዘኑ ተገቢ ነበር፤ ያ ሁሉ ታሪክ ያለ ምክንያት አበቃ፤ ማንም በውስጡ አልወሰነበትም።

ሁሉም ጸሐፊ ይህን ሥርዓት አይፈልግም። ኧርሱላ ለጊን የሄይን ልብወለዶቿ ዓለም የተስተካከለ አንድ ታሪክ አለመሆኑን ራሷ ተናግራለች። በ1969 ባሳተመችው «ዘ ሌፍት ሃንድ ኦቭ ዳርክነስ» የጌተን ፕላኔት ሰዎች የሚኖሩበት ዓመት ሁልጊዜ አንደኛው ዓመት ነው፤ በየአዲስ ዓመቱ የሚለወጠው ያለፈውና የሚመጣው ቁጥር ነው። ይህ ብቻ ስለ ሕዝቡ የሚነግረን ብዙ ነው።

«ስታር ትሬክ» ግን ወደ ቀኖቹ ደጋግሞ መመለስ ግድ ሆነበት። በ1967 በተላለፈ ክፍል፣ በጂን ምርምር የተፈጠረው ካን የዓለምን ሩብ የገዛው ከ1992 እስከ 1996 ነበር። ዓመታቱ መጥተው አለፉ። በ2023 የተላለፈ የ«ስትሬንጅ ኒው ዎርልድስ» ክፍል መልስ ሰጠ፦ ከወደፊት የመጡ ሰዎች በጊዜ ላይ የሚያደርጉት ትግል ነገሩን አዘግይቶታል፤ ካን አሁን በቶሮንቶ ያለ ሕፃን ነው። ይህ የአሲሞቭ ዘዴ ነው፤ ለተጣረሰው ቀን ምክንያት ተፈጠረለት፣ የካን ዘር የሆነችው ላአንም ሕፃኑን ገድላ የራሷን ታሪክ ትሽር እንደሆነ መወሰን ነበረባት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ኤፕሪል 5 ቀን 2063 ነው፤ በ1996ቱ ፊልም ሰው ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር የሚገናኘው በዚያ ዕለት ነው፣ ሲቃረብም ጸሐፊዎቹ ሌላ ምክንያት ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።