ሽልማቱ ማንን ጠቀመ?

የዲጂታል ጌም መደብሮች የሚያዘጋጁት የማስተዋወቂያ ውድድር የልፋቱን ያህል ፍሬ አለው? ስቲም የተባለው የቫልቭ ኩባንያ መደብር እ.ኤ.አ. ሰኔ 2019 ያካሄደው የቅናሽ ሰሞን ውድድር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ገዢዎች ጥንቸል፣ ኤሊ፣ ኮርጊ ውሻ፣ ኮካቲል ወፍና አሳማ በተባሉ 5 ቡድኖች ተከፍለው ተሽቀዳደሙ፤ ከቀዳሚዎቹ ቡድኖች ዕጣ የወጣላቸው ደግሞ በምኞት ዝርዝራቸው አናት ላይ ያስቀመጡትን ጌም በነጻ ይወስዱ ነበር። ደንቡ ግን ግልጽ ስላልነበረ፣ ብዙዎች ውዱ ጌም እንዲደርሳቸው ርካሾቹን ከዝርዝራቸው ሰረዙ። ዱላው ያረፈው በትንንሽ የጌም አዘጋጆች ላይ ነው፤ ዋጋ ሲቀንሱ ለፈላጊው መልእክት የሚደርሰው በዚያ ዝርዝር በኩል ነውና።

ውድድሩ ሰው ስቧል የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ቅናሹ ግን ያለ ውድድርም ገዢ ይጠራል። ቫልቭም ስለ ደንቡ ማብራሪያ ለማውጣት ተገደደ። ደንቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር የማይነገር ሽልማት ቢቀር ይሻላል።